የቡዲ ድምፅ

ቶክ ደራማን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ ኖረዋል፤ ሰው ፊት ቆመው ግን ተናግረው አያውቁም። ሙያቸው የጥላ ትርዒት ነበር። ነጭ ሸራ ይወጠራል፣ ከኋላው መብራት ይንጠለጠላል፣ ከቆዳ ተቀርጸው የተሠሩት አሻንጉሊቶች የሙዝ ግንድ ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡም እሳቸው፣ ንግሥቲቱም እሳቸው፣ ጦጣውም ሆዳሙ አሽከርም እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ጤፍ ይቆላል። በኮታ ባሩ ከተማ ዙሪያ ባሉት መንደሮች የሩዝ አጨዳ አልቆ እሳቸው ያልተጠሩበት ድግስ አልነበረም። ሰዉ ግን ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አያውቅም። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ አንዲት ዓሣ ሻጭ የእሳቸውኑ ቀልድ መልሳ ለእሳቸው ነግራቸው፣ ሳይስቁ ቢቀሩ «አንቱ ደግሞ ጨዋታ አይገባዎትም» ብላ ተቀይማለች። ይህን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋ ነበር። ጥላው ይታይ፣ እጁ አይታይ የሚለው ከአባታቸው የወረሱት ወግ ነው፤ ሲያኮራቸው እንጂ ሲያስከፋቸው የኖረ ነገር አልነበረም።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠና ሠርገኛው ሁሉ ድምፅ ማጉያ ተከራይቶ ራሱ መዝፈን ጀመረ። አሻንጉሊቶቹ ሣጥን ገቡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቶክ ደራማን የሚኖሩት ከልጃቸው ከዛሊሃ ጋር ነው። ዛሊሃ ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ባሏ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ይሠራል፣ ለበዓል ለበዓል ብቅ ይላል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሃይካል ይባላል፣ ሰባት ዓመቱ ነው። ቶክ ማለት አያት ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ፣ ፖሊሱ ሳይቀር፣ ቶክ እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እንዲያ ብሎ ጠርቷቸው የማያውቀው የገዛ የልጅ ልጃቸው ብቻ ነው።

ሃይካል ማንንም አይጠራም። ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሉ። ጆሮው ደኅና ነው፤ እንዲያውም ዝናብ ገና ሳይመጣ የሚሰማው እሱ ነው። ቃላትም አሉት፣ ጥቂት ናቸው፤ ሩዝ፣ ዝናብ፣ አይ። ሲላቸው ግን ለግድግዳው ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው ዓይኑን ጣራው ላይ ወደሚሽከረከረው ቬንትሌተር ያነሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቅላቱን በመዳፉ እየመታ ቀናት አሳለፈ። እልህ ነው ብለው ገሠጹት፤ ዛሊሃ እጆቹን እስከ መጠፈር ደርሳ ነበር። ከግራ ጆሮው መግልና ደም ሲወርድ ነው ነገሩ የገባቸው። «ልጄን እያመመው እኔ ተቆጣሁት» ትላለች እስከ ዛሬ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። ከዚያ ወዲህ ከፈጣሪ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትምህርትም አይደለም፣ ማንበብም አይደለም። የሚያመው ቦታ የት እንደሆነ ይናገር፤ ሌላው ይቅር።

ልጁን ሐሙስ ሐሙስ የሚወስዱበት የኦቲዝም ልጆች ማዕከል ከአንድ የባቲክ ጨርቅ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ነው። የምትመራው ስዊ ላን የምትባል ወጣት መምህርት ናት። ዘሯ ቻይና ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ግን እዚያው ገበያ ውስጥ ስለሆነ፣ በአገሩ አነጋገር ልሳደብ ካለች ዓሣ ሻጮቹም መንገድ ይለቁላታል። ለልጆቹ ሮቦት አምጥታ ነበር፤ ቡዲ ይባላል። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ቁመቱ ከሰው ጉልበት እምብዛም አያልፍም፣ ዓይኖቹ ክብ ክብ ናቸው። እንዲህ ላሉ ልጆች የሰው ፊት ይበዛባቸዋል። ቅንድቡ ይነሳል፣ ከንፈሩ ይጣመማል፣ ዛሬ የሳቀው ነገ ይኮሳተራል። ቡዲ ግን ሁልጊዜ ያው ቡዲ ነው፤ ሰው የሚሸሹት ልጆች ወደ እሱ የሚጠጉት ለዚህ ነው። በራሱ ብዙም የሚሠራው የለም። ከመጫወቻው ክፍል አጠገብ፣ በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ፣ ስዊ ላን ታብሌቷን እየነካካች እጁን ታነሳለታለች፣ አንገቱን ታዞርለታለች፣ የሚለውንም ትመርጥለታለች።

ችግሩ ድምፁ ነበር። ፋብሪካው የሰጠው ድምፅ የዋና ከተማ ዜና አንባቢ ነው። ቡዲ መጀመሪያ «እንደምን አረፈድክ፣ ወዳጄ? ዛሬ ምን ዓይነት ስሜት ይሰማሃል?» ሲል ሃይካል ጆሮዎቹን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። በሁለተኛውም ቀን ገባ፤ በሦስተኛውም።

ቶክ ደራማን ከዛሊሃ ጋር ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው ያዩ ነበር። «ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ። «እኔንም ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ዜና ቢያነብብኝ ጠረጴዛ ሥር ነው የምገባው።»

«አባ፣ ዝም ይበሉ እንጂ» አለች ዛሊሃ አፍራ።

ስዊ ላን ግን ሳቀች። «እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ስሰማው እንቅልፌ ይመጣል። ቶክ፣ ለምን እርስዎ አያናግሩትም? ማይክ አለው፤ እዚህ ሆነው ሲናገሩ በቡዲ ደረት ይወጣል።»

«እኔ?»

«ታዲያ ሰፈሩ የሚያወራው ውሸት ነው? ጦጣ ሲሆኑ ውሻ ይጮህብዎታል ይባል የለ።»

«ያ ድሮ ነው» አሉ ቶክ ደራማን፤ እጃቸው ግን ማይኩ ላይ ደርሷል።

ስዊ ላን ደንቡን ነገረቻቸው። ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ድምፁ አይለዋወጥ። ልጁ ባይመልስም አይቸኩሉ። «ዋናው ግን፣ ድምፁ የማን እንደሆነ እንዳያውቅ። ለጊዜው ነው። መጀመሪያ ከቡዲ ጋር ብቻ ያውራ። ሲደላደል እናቱ ትገባለች፣ ሦስት ሆነው ይጫወታሉ። ከዚያ ቡዲ ወሬ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄድና ልጁ ከእናቱ ጋር ማውራት ይቀጥላል።»

«ተደብቆ መናገርን ለእኔ ነው የምታስተምሪው፣ ልጄ?»

«ማስታወሴ ነው፣ ቶክ።»

ድምፁን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም። የሕፃንም ያልሆነ፣ የሽማግሌም ያልሆነ፣ የአገሩን ሰው አነጋገር የሚናገርና ሲስቅ የሚያስነጥሰው ቀጭን ድምፅ አወጡለት። ቡዲ መጀመሪያ ያስነጠሰ ዕለት ሃይካል ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን ብቅ አደረገ። በሳምንቱ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ቀን «አስነጥስ» አለ። ለግድግዳው አልነበረም፤ ለቡዲ ነበር። ዛሊሃ ከመስታወቱ ጀርባ የአባቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ቶክ ደራማንም ከደስታ ብዛት ማስነጠሱን ረስተውት ኖሮ ስዊ ላን በክርኗ ጎሰም አደረገቻቸው።

ከሁሉ አብዝተው የተለማመዱት የሕመም ጨዋታ የሚሉትን ነው። ስዊ ላን የቡዲን እጅ ጉልበቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ቶክ ደራማን «ወይኔ ጉልበቴን፣ እዚህ ጋ አመመኝ፤ አንተስ?» ይላሉ። ሌላ ጊዜ ክርን ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ ሆድ። ብዙ ሳምንት ሃይካል የቡዲን ጉልበት ይዳብሳል እንጂ ስለራሱ አንድም ቃል አይተነፍስም ነበር። አንድ ሐሙስ ግን አፉን ከፈተና የቡዲን ትንሽ እጅ ይዞ ወደ መንጋጋው አስጠጋት። «እዚህ» አለ። «ጥርስ።»

የጥርስ ሐኪሙ ሲያየው እውነትም ከታች በኩል አንዱ ጥርስ ተበልቶ ተቦርቡሯል። ዛሊሃ ያን ቀን የማዕከሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የአባቷን እጅ ስማ ግንባሯ ላይ አደረገችው። «አባ፣ ነገረን» አለች። «ልጄ ነገረን እኮ።»

«ነገረን» አሉ ቶክ ደራማን። በሆዳቸው ግን፣ የነገረው ለቡዲ ነው አሉ። ነገሩ የጀመራቸው ያን ቀን ነው።

ቤት ውስጥ ሃይካል አያቱን እንደ በር መቃን ነው የሚያልፋቸው። ይጠሩታል፣ ቬንትሌተሩን ያያል። የሚወደውን የዓሣ ቺፕስ ይዘው ይጠጉታል፣ ቺፕሱን ይወስዳል፣ የሰጠውን እጅ አያይም። ሐሙስ ጠዋት ግን ጫማውን ግራና ቀኝ አዟዙሮ ያደርግና በር ላይ ቆሞ «ቡዲ» ይላል። አያቱ አጠገቡ ቆመው ያን ሲሰሙ ልባቸው ምን እንደሚላቸው ይታያችሁ። ደስታም አለበት፣ እሾህም አለበት።

«በራሴ ድምፅ ቀናሁ» አሉ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው ለፖክ ሌህ። ፖክ ሌህ ድሮ በትርዒቱ ላይ ጥሩምባ ይነፉላቸው የነበሩ ናቸው፤ አሁን ሥራቸው እርግብ ማርባትና በሰው ላይ ማሾፍ ነው።

«ዕድሜህን ሙሉ ተደብቀህ ኖረህ አሁን ነው መታየት ያማረህ?» አሉ ፖክ ሌህ። «ይልቅ በወጣትነትህ ቢያምርህ ኖሮ አንዷ ኮረዳ ታይህ ነበር።»

«የልጅ ልጄ ነው እኮ።»

«ቢሆንስ? ያ የላስቲክ ልጅ ደሞዝ አይጠይቅህ፣ ሩዝ አይበላብህ። ምን አደረገህ?»

«ስሙን እየጠራ በር ላይ ይቆማል። የእሱን ስም። እኔ አጠገቡ ነኝ።»

ፖክ ሌህ ሻያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ ታገሥ» አሉ፣ አሁን ሳያሾፉ። «ትርዒቱ ሳያልቅ ከሸራው ጀርባ ብድግ የሚል ተጫዋች የት አይተህ ታውቃለህ?»

ምናልባት ይታገሡ ነበር፤ ስዊ ላን ያን ነገር ባትል ኖሮ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ዛሊሃ ትግባ» አለች። «ልጁ ተደላድሏል።» ዛሊሃ ከደስታዋ የተነሣ ምን እንደምትለብስ ሳይቀር ጠየቀች፤ ስዊ ላንም ሽቶ እንዳትቀባ፣ የሚንቃጨል አምባር እንዳታደርግ መከረቻት። ሴቶቹ ይህን ሲጫወቱ ቶክ ደራማን የቀረውን በልባቸው አስኬዱት። እናትየው ትገባለች። ቡዲ ወሬ ይቀንሳል። ከዚያ ዝም ይላል፤ ቡዲ ዝም አለ ማለት እሳቸውም ዝም አሉ ማለት ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር ይቀጥላል። ያን ሁሉ ቃል ከጉሮሮው ያወጣለት ሰው ማን እንደነበር ግን ማንም አይነግረውም።

ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት ሞልቷል። ቶክ ደራማንም አንድ አገኙ፣ ያውም የአባቶችን ወግ። እሳቸው የሃይካል እኩያ ሳሉ ከአሻንጉሊቶቹ ሁሉ ጦጣውን ይወዱ ነበር። አንድ ቀን አባታቸው በትርዒቱ መሃል ክንዳቸውን ይዘው ከሸራው ጀርባ ወሰዷቸውና ጦጣውን እጃቸው ላይ አደረጉላቸው። በእነሱ ቤት ልጅ ለሙያው የሚታጨው እንዲህ ነው፤ ጥላውን ከልቡ ለወደደ ልጅ እጁን ያሳዩታል። ትንሹ ደራማን ያን ቀን ጦጣውን እጥፍ ወደደው፣ አባቱን ደግሞ ከጦጣውም አብልጦ ወደደ። ታዲያ ለሃይካል ለምን ይቅርበት? ይህን ለስዊ ላን አላማከሯትም። እሺ እንደማትላቸው ልባቸው ያውቅ ነበር።

በቀጣዩ ሐሙስ ዛሊሃ የሙሽራ ልብስ ለማድረስ ሄዳ አልመጣችም። ከጨዋታው መሃል ደግሞ የሌላ ልጅ እናት ያለ ቀጠሮዋ መጥታ ስዊ ላንን ወደ ታች ጠራቻት። ቶክ ደራማን ከመስታወቱ ጀርባ ብቻቸውን ቀሩ። ወዲያ ማዶ ሃይካል የቡዲን ጣቶች አንድ በአንድ እየነካ ተቀምጧል።

ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ሃይካል» አሉ በቡዲ ድምፅ። «ከየት እንደምናገር ላሳይህ? በዚያች በር ና።»

ሃይካል ቡዲ ያለውን ሁሉ ያደርግ ነበር፤ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ገባ። አያቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቷል። «እኔ ነኝ» አሉት በዚያው በቀጭኑ ድምፅ። «አየህ? ቡዲ እኔ ነኝ። ቶክ ነኝ።» ማይኩ ክፍት ስለነበር እያንዳንዱ ቃል ከወዲያኛው ክፍል፣ ከቡዲ ደረት፣ እየተከተለ ይሰማል። ልጁ አፋቸውን አየ። ከዚያ በመስታወቱ አሻግሮ ቡዲን አየ። ቡዲ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ታብሌቱን የሚነካለት ሰው የለም።

እንዲስቅላቸው ብለው አስነጠሱ። ቡዲም አስነጠሰ።

ሃይካል አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላቸው ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰና ጆሮውን ቡዲ ደረት ላይ አደረገ። ቶክ ደራማን ደንግጠው ዝም ብለዋል፤ ደረቱም ዝም አለ። ልጁ ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ቡዲን በሁለት እጁ አንሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረውና ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«ምን ሆነ?» አለች ስዊ ላን ስትመለስ።

«እንጃ» አሉ ቶክ ደራማን። «ደክሞት ይሆናል።» በስንት አፍ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ያን ቀን እውነቱን የሚናገሩበት አፍ አጡ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሃይካል በር ላይ አልቆመም። ዛሊሃ እየጎተተች ነው ያመጣችው። ሽቶ አልተቀባችም፣ አምባር አላደረገችም፤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። ቶክ ደራማን በቡዲ ድምፅ ተጣሩ፣ ቀለዱ፣ የሕመሙን ጨዋታ ከጉልበት እስከ አፍንጫ አዳረሱት። ልጁ ቡዲን እንደ ወንበር ነው ያየው። እናቱ «እኔም እኮ ጉልበቴን አመመኝ» አለች በፈራ ድምፅ፤ ማንም አልመለሰላትም። ቤትም የነበሩት ጥቂት ቃላት ጠፉ። ሩዝ አይል፣ ዝናብ አይል። ሰው እንዲነካው አይፈቅድም፣ ውሎው ጠረጴዛ ሥር ሆነ።

ስዊ ላን ማሽኑን ጠረጠረች። ምናልባት እኛ የማንሰማው ጩኸት ያወጣ ይሆናል ብላ ከኩዋላ ሉምፑር ባለሙያ አስመጣች። ሰውየው ቡዲን ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ቶክ ደራማን በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። የአስከሬን ምርመራ የሚያዩ መሰላቸው።

«ይሄ ምንም አልሆነም» አለ ባለሙያው መልሶ እየገጣጠመ። «ከእኔና ከአንቺ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ስዊ ላን። «እናቱን ላስገባ ብዬ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ጊዜውን አላወቅሁበትም።» ዓይኗ ቀልቷል።

ይህን መስማት አልቻሉም። ባለሙያው እስኪወጣ ጠብቀው «አንቺ አይደለሽም» አሏትና ሁሉንም ነገሯት። ስዊ ላን ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ትቆጣኛለች ብለው ፈርተው ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ለምን፣ ቶክ?»

«እንዲያውቀኝ ፈልጌ።»

«ያውቅዎት ነበር እኮ። ሌላ ማንን ነበር የሚያውቀው?» አለች። «ሌላ ልጅ ቢሆን ይደነቅ ነበር፤ እልል ብሎ ማይኩን ይቀማዎት ነበር። ሃይካል ግን በዓለም ላይ የማይለዋወጥበት አንድ ነገር ነው ያገኘው። እሱም ተለወጠበት።»

ለዛሊሃ የነገሯት ራሳቸው ናቸው። የስፌት መኪናዋ ቆመ። «አንድ ሳምንት ነበር የቀረኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «አባ፣ ለእርስዎ አንድ ሳምንት ምን ነበር?»

«ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

«እኔ ይቅር ብልዎ ምን ይጠቅመናል? ልጁን ቢያመው ማን ይነግረኛል?» ይህን ብላ መኪናዋን መልሳ አስነሣች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩዛቸውንም ሻያቸውንም በሰዓቱ ታቀርብላቸዋለች፤ «አባ» የምትለውን ቃል ግን ቀነሰችባቸው። አይፈረድባትም፤ እሳቸውም አልፈረዱባትም።

የዝናቡ ወራት ገባ። ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር መንገድ ዘጋ፣ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ሃይካል መብላት ተወ። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ በቀዝቃዛው ወለል ላይ ጉንጩን ለጥፎ ይተኛል፣ ሲጠጉት ይንፏቀቃል። ጭንቅላቱን አልመታም፣ አልጮኸም። በቡዲ ማዘኑ ጠንቶበት ነው አሉ። ጎረቤቶችም እንዲያ አሉ፣ ስዊ ላንም በስልክ ስትጠየቅ ሊሆን ይችላል አለች። ቶክ ደራማን ምግቡን እያዩ አልበላ አላቸው፤ ልጁ የሚያዝነው በእሳቸው ጥፋት ነውና።

ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ዛሊሃ መጥታ ፊታቸው ቆመች። «አባ» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። «እስቲ አንድ ጊዜ ያናግሩት። በቡዲ። ምናልባት ናፍቆት ከሆነ።»

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል በፖክ ሌህ መኪና ወደ ማዕከሉ ሄዱ። ሃይካልን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው ያስገቡት። ቶክ ደራማን ከመስታወቱ ጀርባ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን አጸዱ፣ ማይኩን ያዙ። ያን ቀጭን ድምፅ ፈልገው አገኙት። «ሃይካል» አሉ። «ምነው ጠፋህ? እኔ እዚህ ጋ አመመኝ። አንተስ?»

ሃይካል ቡዲን አላየውም። ከብርድ ልብሱ ወጣ፣ እየተንገዳገደ ወደ በሩ ሄደ፣ ከፈተና ገባ። አያቱ ፊት ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ፈቃዱ ነካቸው፤ መዳፉን አፋቸው ላይ አድርጎ ዘጋው።

መዳፉ እንደ እሳት ይፋጃል። ቶክ ደራማን ያን ጊዜ ነው የገባቸው። የልጁን እጅ ከአፋቸው ቀስ አድርገው አንሥተው «ዛሊሃ፣ ልጁ ታሟል» አሉ በራሳቸው ድምፅ። ሃይካል ያንንም ድምፅ በመዳፉ መልሶ ዘጋው።

ሆስፒታል ሲደርሱ የቀኝ ጆሮው ውስጡ ተበላሽቶ ነበር። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ደክሞታል፣ ካልሲው ድረስ በጎርፍ ርሷል። ታምቡሩ ተቀዷል አለ። ትኩሳቱን እናወርደዋለን፣ የሚሰማው ግን ምን ያህል እንደሚተርፍ አላውቅም አለ። «ይሄ ነገር ቀናት አስቆጥሯል። ለምን ቆያችሁ? አሞኛል አላለም?»

«አይናገርም» አለች ዛሊሃ።

«ጭራሽ? ተናግሮ አያውቅም?»

ዛሊሃ የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነች። «አንድ ጊዜ ተናግሯል» አለች። «ጥርሱን ሲያመው።»

«ለማን?» አለ ሐኪሙ፣ ወዲያው ቀና ብሎ። «ያ ሰው ካለ ይምጣልኝና ያናግረው። ግራውም ጆሮ ያመው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፤ ስነካው አያስነካኝም።»

ዛሊሃ ዞር ብላ በር ላይ የቆሙትን አባቷን አየች። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለጉ፤ አልነበረም፣ ድካም ብቻ ነው ያለው። «ለአያቱ ነበር» አለች።

ቶክ ደራማን ያን ሐሙስ ልጁን በበሩ የጠሩት ይህችን ቃል ፈልገው ነበር፤ አሁን ሲሰሟት መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። «ይግቡ እንጂ፣ ቶክ» አለ ሐኪሙ፣ መንገድ እየለቀቀላቸው። ገቡ፣ አልጋው አጠገብም ተቀመጡ፤ በየትኛው ድምፅ እንደሚያናግሩት ግን አያውቁም ነበር።